ከአባባ ጋር ብቻ የምትጠፋው መኪና

መካኒክ አልወድም ነበር። በእጃቸው ግራሶ የተነሣ አይደለም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ መድኃኒት መድኃኒት ስሸት የምውል ሰው ነኝ። የማልወደው መልሳቸውን ነው። መኪናዬ ታማለች ብለህ ትሄዳለህ፣ ኮፈኑን ከፍተው አንድ ሁለቴ ያንኳኩና ወይ ግማሽ ሞተሯ ይቀየር ይሉሃል፣ ወይ ደግሞ «ምንም የለባትም» ብለው ያሰናብቱሃል። በአምስት ወር ውስጥ ሦስት መካኒኮች «ምንም የለባትም» ብለውኛል። ሦስቱንም አመንኳቸው። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ናት። ዕድሜዋ ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኩል ነው፤ አርባ ስድስት። ድሮ ሰማያዊ ነበረች፣ አሁን ጣሪያዋ ፀሐይ በልቶት አመድማ ሆኗል። አባባ «እሜቴ» ነው የሚላት። እናታችን በሕይወት ሳለች «እኔን እንኳ አንድ ቀን እሜቴ ብሎኝ አያውቅም» እያለች ትቀናባት ነበር። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባባ ብቻውን ነው የሚኖረው። ረቡዕና ቅዳሜ እሜቴን አስነሥቶ ከተማውን አቋርጦ ታላቅ እህቱ ዘንድ ይሄዳል። አክስቴ ከአልጋ አትነሣም፣ ዐይኗም ደክሟል። አባባ አጠገቧ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብላታል፣ የማትወደው ዜና ሲሆን ይዘለዋል፣ እሷም «ዘለልክ!» ብላ ትቆጣዋለች። ሁለቱም ሳምንቱን የሚቆጥሩት በዚህ ነው።

እንግዲህ እሜቴ መንገድ ላይ ሞተሯ እየጠፋ መቆም ጀመረች። ሁልጊዜ ብትጠፋ እኮ ግልግል ነበር። ሁለት ሳምንት እንደ ልቧ ትሮጥና፣ አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ወይም ድልድዩ መግቢያ ላይ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጭጭ ትላለች። አባባ ቁልፉን መልሶ ሲያዞረው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። እስከዚያ ግን ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክሱን ያንባርቅበታል። አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳተው። የዚያን ዕለት እቤቱ ጠብቄው ነበርና ሲደርስ ውሃ ያጠጣሁት ብርጭቆውን ይዤለት ነው።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። የሕንፃ መሐንዲስ ነውና ያላየውን አያምንም፣ ይኸው ነው። እሜቴን ወስዶ ሁለት ቀን ሙሉ ነዳት፤ አልጠፋችም። እኔም ነዳኋት፤ አልጠፋችም። መካኒኮቹ ነዷት፤ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀጥ ብላ ሄደችላቸው። የምትጠፋው ከአባባ ጋር ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መድኃኒት ቤት መጣና ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የታመመችው መኪናዋ አይደለችም» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ግን «አፍህን ያዝ» አላልኩትም። ይልቅስ አባባን «ግፊትህን እንለካ» ብዬ አታልዬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ አምስት ቃላት ነገረውና ከጥቂት ቆይታ በኋላ ድገማቸው አለው። አባባ ሁለቱ ጠፉበት። ሐኪሙ «ለሰባ አራት ዓመት ሰው ደህና ነው፤ ለማንኛውም እንከታተል» ብሎ ሸኘን። ወንድሜ ከዚያ ሁሉ «እንከታተል» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣና በሳምንቱ ለእሜቴ ገዢ አገኘ። እስከ ወሩ መጨረሻ አባባ ቁልፉን ያስረክብ ተባለ። አባባ አልጮኸም። ሁለታችንንም አየንና «እናንተም ጭንቅላቱ ተነክቷል ነው የምትሉት?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ ስልኩን አወጣ፣ እኔ ብርጭቆ ማንሣት ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ በመካከላችን ወሬ ጠፋ።

ቆይማ የሚባል መካኒክ እንዳለ የሰማሁት የማሳከክ ቅባት ሊገዛ ከመጣ የታክሲ ሹፌር ነው። ስለ እሜቴ ሳጫውተው ቅባቱን ባንኮኒ ላይ ትቶ አፈጠጠብኝ። «ቆይማ ሳያያት ነው የምትሸጧት? አበዳችሁ እንዴ?» ስሙ ለምን እንዲያ እንደተባለ ስጠይቀው «ስትሄጂ ይገባሻል» ብሎ ሳቀ።

ገባኝም። ግቢው ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ነው፤ ጠባብ፣ በቆርቆሮ የተከደነ። ጋራዥ ሲባል የማውቀው የዘይት ኩሬና የብረት ክምር ነበር፤ እዚህ ግን መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። መፍቻዎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተሰቅለዋል፣ ከእያንዳንዳቸው ኋላ ቅርፃቸው በነጭ ቀለም ተሥሏል። አንድ መፍቻ የሆነ ሞተር ውስጥ ተረስቶ ቢቀር ሰሌዳው ያሳብቃል። ሰውየው አጭር፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ስድሳን የተሻገረ ነው። መነጽሩን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር አስሮታል። ስገባ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ በሚሠራ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፍኖ ቆሟል። በር ላይ በስፌት መኪናዋ የምትሠራው ባለቤቱ በአገጯ እያሳየችኝ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር እኔን እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም» አለችኝ። «እኔም ጭስ ጭስ ማለት ልጀምር መሰለኝ።»

ዐይኑን እስኪገልጥ ጠብቄ ጀመርኩ። ችኩል ነኝ፣ አልክድም። መድኃኒት ቤት ሰው ሕመሙን በግማሽ ዐረፍተ ነገር ሲነግረኝ በሌላው ግማሽ መድኃኒቱ ባንኮኒው ላይ ነው። ስለ ነዳጁ፣ ስለ ካንዴላው፣ ሦስቱ መካኒኮች ስላሉት ሁሉ ዘከዘክኩለት።

«ቆዪማ» አለኝ እጁን አንሥቶ። «ስትጠፋ የምትነጃት አንቺ ነሽ?»

«አይ፣ አባቴ ነው።»

«እንግዲያው እሱን አምጪልኝ። መኪናዋ ትቆይ።»

«መኪናዋን ይዤ መጥቻለሁ እኮ፣ ጋሼ! ውጭ ቆማለች!»

«አየኋት። ቆንጆ ናት። አባትሽን አምጪልኝ።»

ቆሽቴ አረረ። ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ፣ በዚያ መንገድ መጨናነቅ አልፌ የመጣሁት መኪና ላሳይ እንጂ አባቴን ላስመረምር አይደለም። ግን የወሩ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሌላ የማውቀው ሰውም የለም። በማግስቱ አባባን ይዤ ተመለስኩ።

ቆይማ አባባን በርጩማ ላይ አስቀመጠው፣ ራሱ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፣ የተማሪ ደብተርና እርሳስ አወጣ። «ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩኝ፣ አባት» አለ። «ምንም እንዳይተዉብኝ። የማይረባ የሚመስልዎትንም።» አባባ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በሦስት መካኒክ ፊት አውርቶ ሦስቱም ሰዓታቸውን ሲያዩበት ከርሟል። ቀስ በቀስ ግን ድምፁ ወጣ። እሜቴ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍታለች። ዘጠኙንም ቀን ያውቃቸዋል። ቆይማ ይጠይቃል፤ ዝናብ ነበር? ነዳጁ ስንት ደርሶ ነበር? መስኮቱ ክፍት ነው ዝግ? ወደ ግራ ሲታጠፉ ነው ወደ ቀኝ? መንገዱ ሊሾ ነው ወጣ ገባ? አባባ ለሁሉም መልስ አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ንብረት ሲጎድል መቼና እንዴት እንደጎደለ ማስታወስ እንጀራው ነበር። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳዳምጥ፣ ከአምስት ቃል ሁለቱ የጠፉበት ሰው ይሄ ነው ወይ እያልኩ ከራሴ ጋር መሟገት ያዝኩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቆይማ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ደብተሩን አጠፈና «ገባኝ፤ እንፈልገዋለን» አለ። እሜቴን እዚያው ትተን በታክሲ ስንመለስ አባባ መስኮቱን ከፍቶ ክንዱን አወጣ፣ ድሮ ስንጓዝ እንደሚያደርገው። «ሰው አገኘሁ» አለኝ። ከዚያ ስንት ወር ያልሰማሁትን ፉጨት አፏጨ።

የቆይማን አሠራር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነካው። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል አውጥቶ ደህና መሆኑን የሚያውቀውን ሌላ ኮይል ያስገባና ሁለት ቀን ይነዳታል። ለውጥ ከሌለ አዲሱን አውጥቶ የራሷን ይመልስላታል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ያልፋል። ሁሉንም ባንዴ ቀይሮ ለምን እንደማይገላገል ጠየቅኩት።

«አንቺ መድኃኒት ቤት አይደል የምትሠሪው? ለአንድ ሳል ሦስት መድኃኒት ሰጥተሽው ቢድን፣ የትኛው አዳነው?»

ያን ዕለት ጠዋት ለአንዲት ሴት ሦስት ሰጥቻት ነበር።

ዐሥር ቀን ሞላ። በዐሥሩም ቀን ቆይማ ከቤቱ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ቤቱ በእሜቴ ተመላለሰ፤ አልጠፋችበትም። ትዕግሥቴ አልቆ ሄድኩ።

«እና፣ ጋሼ?»

«አላገኘሁትም።»

«እንግዲህ እርስዎም ምንም የለባትም እያሉኝ ነው።»

የያዘውን መፍቻ ሰሌዳው ላይ ቦታው መለሰና ዞረ። ተቆጥቷል፤ ቁጣው ግን በእኔ ላይ አልነበረም። «እሱን አላልኩም» አለ። «ቁጭ በይ።»

የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። እዚያ አንድ ሹፌር ነበር። በየሳምንቱ እየመጣ «ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ይጠፋብኛል» ይላል። ቆይማ ይፈትሻል፣ ይነዳል፣ አይጠፋበትም። «መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ‹ምንም ችግር የለበትም› ብዬ ጻፍኩ» አለኝ። «አራት ጊዜ። ጽሕፈቴም ያምራል ይሉኝ ነበር። በአምስተኛው አውቶቡሱ ቁልቁለት ላይ ጠፋና ግንብ ገጭቶ ቆመ። ሰው አልሞተም። ግን አለቆቹ መዝገቡን ገለጡ። አውቶቡሱ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ሰውየው ነዋ! ጠጪ ነው ተብሎ ተባረረ። ያ ሰውዬ መጠጥ በከንፈሩ ነክቶ አያውቅም።»

አውቶቡሱ ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ሹፌር እጅ ጠፋ። ያኔ ቆይማ ነዳጅ መያዣውን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ገለበጠው። ከውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የላስቲክ ቁራጭ ወጣች። ቁልቁለት ላይ እየተንሳፈፈች መጥታ ነዳጁን ትዘጋለች፣ መኪናው ሲቆም ተመልሳ ትሄዳለች።

«ላስቲኳን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ‹እኔማ አውቀው ነበር› አለና በሩን ዘጋብኝ። ደግ አደረገ።» መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ከዚያ ወዲህ ‹ምንም የለበትም› ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አላገኘሁትም ነው የምለው። አባትሽ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋች ካሉ፣ ዘጠኝ ጊዜ ጠፍታለች።»

እኔ ልጁ ያላልኩትን ይህ ባዳ ሰው አለው። ከዚያ ግቢ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ እንባዬን ጎሚስታው እንዳያይ ፊቴን በመሐረብ ሸፍኜ ነው የሄድኩት።

ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው ቆይማ አሠራሩን ቀየረ። እሜቴን ለአባባ መለሰና «ረቡዕ አክስትሽ ዘንድ ሲሄዱ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለኝ። ረቡዕ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በእግሩ መጣ። «እኔ እንደሌለሁ ይቁጠሩ፣ አባት። ከቁርስዎ ጀምሮ እንደ ወትሮዎ።» አባባም እንደ ወትሮው ሻዩን ጠጣ፣ ጋዜጣውን አጠፈ፣ ጫማውን ወለወለ። ከዚያ ከበሩ ኋላ ካለችው ሚስማር ላይ ቁልፎቹን አነሣ።

እነዚያን ቁልፎች ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማያቸው አላያቸውም ነበር። አንድ ትልቅ የብረት ቀለበት ላይ ሃያ አንድ ቁልፍ አለ። የቤቱ፣ የአጥሩ፣ የዕቃ ቤቱ፣ የእናቴ ቁም ሣጥን፣ የአክስቴ ቤት፤ የቀሩት የድሮው መጋዘን ናቸው፣ መጋዘኑ ከፈረሰ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። የእሜቴም ቁልፍ እዚያው መሐል ነው። አባባ አስገብቶ አዞረው፣ እሜቴ ተነሣች፣ ቀለበቱ ከመሪው ሥር ተንጠልጥሎ እየተንሿሿ ጉዞ ጀመርን። ቆይማ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ።

ድልድዩን እንዳለፍን የውሃ ቧንቧ ለመቅበር የተቆፈረና በቅጡ ያልተደፈነ መንገድ አለ። አባባ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጎማው ጉድጓዱን መታ። ጭጭ።

ጸጥታው ራሱ ያስፈራል። አባባ በቀረላት ፍጥነት ወደ ዳር አወጣትና መሪውን እንደጨበጠ ቀረ፤ ፊቱ ደም የለውም። «ይኸው» አለ ቀስ ብሎ። «ይኸው።»

«እሰይ!» ብሎ ጮኸ ቆይማ። አጨበጨበ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ መኪና ጠፋች ብሎ እንደ ሕፃን መቀመጫው ላይ ዘለለ። «ቁልፉን እንዳይነኩ! እጅዎን ያንሡልኝ፣ አባት! አሁን እዩ፣ እነዚህን ከመሪው ኋላ ያሉ ቀይ መብራቶች እዩ። ሞተሩ በነዳጅ ወይም በሌላ ነገር ቢጠፋ ኖሮ ይበሩ ነበር። ድርግም ብለዋል። ኤሌክትሪኩ ነው የተቆረጠው፣ ያውም ከምንጩ።» ዐይኑ ከመብራቶቹ ወደ ታች ወረደ። ቀለበቱ ገና እየተወዛወዘ ነበር።

ቆይማ ወደ ቀለበቱ ጎንበስ አለ። ከዚያ አባባን እንዲያስነሣት ጠየቀው። ሞተሩ ሲነሣ በአንድ ጣቱ ቀለበቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ እሜቴ ጠፋች። ደግመው አስነሡ፣ ደግሞ ሳበ፣ ጠፋች። የእሜቴን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ ብቻዋን አስገባትና ነቀነቃት፤ እሜቴ ፍንክች አላለችም።

«አባት፣ መኪናዋን ለእኔ ሲሰጡኝ ይህን ሁሉ ቁልፍ ሰጥተውኛል?»

«እንዴት ተብሎ?» አባባ ተቆጣ። «የቤቴን ቁልፍ ጋራዥ ጥዬ ልሂድ? ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ንብረት ጠብቄአለሁ! የእሷን ፈትቼ ነዋ የምሰጠው። ለማንም።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። ለእኔ ሲሰጠኝ ፈትቶ ነው። ለሦስቱ መካኒኮች ሲሰጥ ፈትቶ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ በኪሱ የሚይዛት ትርፍ ቁልፍ አለችው። የዚያ ሁሉ ብረት ክብደት ስንት ዓመት ተንጠልጥሎ የቁልፍ ማስገቢያውን ውስጡን በልቶታል፤ ጉድጓድ በመታች ቁጥር ቀለበቱ ሲጎትት ኤሌክትሪኩን ይለቅቃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ? አምስት ወር ሙሉ ዳዋ የነበረው አባቴ ነው። ያውም ጥንቁቅ በመሆኑ።

ቆይማ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዐሥር ቀን ሙሉ በሽታዋን እርስዎ ቤት ሚስማር ላይ ሰቅዬ ነው ስነዳት የከረምኩት!» ብሎ በራሱ ሳቀ። አባባም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አላፊ አግዳሚው ምን ነካቸው ብሎ እስኪያየን።

«በል እንግዲህ አሁኑኑ ሥራልኝ» አለ አባባ።

«ግማሽ ሰዓት የማትሞላ ሥራ ናት» አለ ቆይማ። «ዛሬ ግን አልሠራትም። እስከ ቅዳሜ በነጠላው ቁልፍ ይንዱ፣ ምንም አትሆንም። ቅዳሜ ወንድ ልጅዎን ይዘውልኝ ይምጡ።»

አባባ ሳቁ ጠፋ። «ልጄን ማሳፈር አልፈልግም።»

«ለማሳፈር አይደለም። ዛሬ ብሠራት እሷ ትድናለች፣ እርስዎ ግን እንደተጠረጠሩ ይቀራሉ። ነገ መነጽርዎን የት እንዳስቀመጡ ቢረሱ፣ ‹ያው ነው› ሊባሉ ነው። ልጅዎ ያላየውን የማያምን ከሆነ፣ ይይ።»

አባባ ትልቁን ቀለበት ኪሱ ከተተ። ከዚያ «እሺ» አለ። በነጠላዋ ቁልፍ አስነሥቶ አክስቴ ዘንድ ወሰደን።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ፊቱን አጨማዶ መጣ። የሽያጭ ውሉ በቦርሳው ውስጥ ነበር። ቆይማ ከተማው ዳር ካሉ መጋዘኖች ኋላ ያለ መንገድ መርጧል፤ በሁለቱም በኩል ግንብ ነው፣ በበዓል ይሁን በሥራ ቀን መኪና አያልፍበትም፣ ጉድጓድ ግን አላነሰውም። ትልቁን ቀለበት ለወንድሜ ሰጠውና «ንዳ» አለው።

«ስንት ጊዜ ነድቻታለሁ እኮ። ምንም አይደለችም።»

«አንዴ ጨምርልኝ።»

ወንድሜ ትከሻውን ነቀነቀና ገባ። ቆይማ ከጎኑ፣ እኔና አባባ ከኋላ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ አለፍን። ወንድሜ በመስታወት እያየን «ይኸው» አለ። ሁለተኛውንም አለፍን። ሦስተኛው ላይ ጎማው ዘጭ ሲል፣ ቀለበቱ ተንሿሿ፣ እሜቴ ጠፋች።

ወንድሜ ነዳጁን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ማርሹን ነካ፣ ፍሬኑን ያዘ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አየ። «ምን ሆነች? እኔ ምንም አልነካሁም!» አለ። ወደ ቆይማ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ታዩኛላችሁ? እውነቴን ነው እኮ! ምንም አላደረግሁም፣ ዝም ብላ ነው የጠፋችው! ለምን አታምኑኝም?»

የመጨረሻዋን ቃል ከተናገረ በኋላ አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

አባባ ከኋላ ጎንበስ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «አምንሃለሁ፣ ልጄ» አለው። «ምንም አልነካህም። ቁልፉን መልሰህ አዙርና ቀስ ብለህ ወደ ዳር አውጣት።»

ወንድሜ ወደ ዳር አወጣትና መሪው ላይ ተደፋ። የአባባን ሌላውን እጅ ያዝኩና «እኔም አምንሃለሁ፣ አባባ» አልኩት። አባባ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ቆይማ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወረደ፣ ጥቂት ርምጃ ራቅ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግንቡ ዞሮ ቆመ። ወንድሜ ቀና ብሎ እስኪጠራው ድረስ ዞር ብሎ አላየንም።